አሥራ ሁለተኛው ቂጣ

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የፖሊስ አለቃው፣ ሻዊሹ ይመጣል» አለ አብዱልሰላም። «ስንሻውን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በፊት እውነቱን ካላወጣሽው፣ ዋላሂ፣ ልጁ አለቀለት።»

ለተትንሳኤ መተማ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ቱነይድባ መጠለያ ለራሽን የምትሰለፍ ስደተኛ ናት። የገዳሪፍ ኢትዮጵያውያን ግን ሙያዋን ስላልረሱ ሰው ልከው አስጠሯት።

የአብዱልሰላም ወርክሾፕ ከገበያው ጀርባ ነው። እዚያ የሚሠራው ዕቃ አሬስተር ይባላል፦ በከፍተኛ የካህረባ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ፣ መስመር ላይ ተሰቅሎ መብረቅ ሲመጣ ወደ መሬት የሚያወርድ፣ በደህናው ጊዜ ግን ምንም የማያሳልፍ ዕቃ። በሸክላ ቀፎው ውስጥ ከነጭ ዱቄት ተጠፍጥፈው በምድጃ የተተኮሱ ክቦች ይደረደራሉ። ሠራተኞቹ ቂጣ ይሏቸዋል። ንድፉን የሚያወጣው ከጎንደር የመጣው መሐንዲስ ባንታምላክ ነበር። ትናንት ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ በመሞከሪያው ክፍል ሞቶ ተገኘ። ሁሉም መብረቅ መታው አለ። ሻዊሹ ግን ባንታምላክ በዚያው ቀን ከሠራተኛው ከስንሻው ጋር እንደተጣላ ሰማ።

ለተትንሳኤ መጀመሪያ ክፍሉን አየች። የቀፎው ክዳን ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ያሉትን ቂጣዎች ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ናቸው።

«አንድ በእጁ ጨብጦ ነበር» አለ አብዱልሰላም። «አላቀን ነው የገነዝነው።»

ምድጃው ያለው በሚቀጥለው ክፍል ነው። ምድጃውም መሞከሪያውም ካህረባ የሚያገኙት እዚያ ግድግዳ ላይ ካለው ከአንድ ማብሪያ ነው። ማብሪያው ጠፍቷል። እጀታው ላይ ነጭ ዱቄት አለ፤ ከአጠገቡ ነጭ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል።

«ይህ ሰሌዳ አዲስ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ያሠራሁት ነው። ድሮ ቀይና አረንጓዴ ቆርቆሮ ነበር የምንሰቅለው። ገዢ ሲመጣ የሚያሳፍር ነገር! አሁን በአንዱ ፊት ‹ይበራል›፣ በሌላው ‹አይበራም› ተብሎ በአማርኛና በዓረብኛ ተጽፏል። ደግሞ የምቀጥረው የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።»

የሟች ሚስት ዙፋን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግቢው ውስጥ ተቀምጣለች። «ከምሳ በኋላ ደወለልኝ» አለች። «ደመናው ሄደ፣ ፀሐይ ወጣ፣ አሁን ሥራ ልጀምር ነው አለኝ። ደመና ካለ ዕቃውን በእጁ አይነካም ነበር።»

ስንሻው የተተኮሱትን ቂጣዎች ፊት በብርማ ቀለም የሚቀባ ሠራተኛ ነው። ጥፍሮቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«እሱ ዘጠኝ ቂጣ ይበቃል አለ፤ እኔ አሥራ ሁለት። ሲያንስ በደህናውም ቀን ይፈነዳል አልኩት። ሲበዛ መብረቁን በጊዜ አያወርድም አለኝ። ከዚያ በሰው ፊት ‹አንተ ቀለም ቀቢ!› አለኝ። ከፋኝና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ኡኡታ እስክሰማ እዚያው ነበርኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ሻይ ሻጯ አለች። ሻዊሹ ግን ‹ይሄማ ደንበኛሽ ነው› ብሎ ሳቀባት።»

«ምድጃውን የሚያበራው ማነው?»

ስንሻው መሬት መሬት አየ። «እንጃ። ያገኘ ሰው ያበራዋል።»

ዱቄቱን የምትጠፈጥፈው የሁለት ልጆች እናት ዕፀገነት ናት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀረበች።

«እቴ ዕፀገነት፣ ትናንት ምድጃውን አብርተሽ ነበር?»

«ኧረ እኔ አላበራሁም፣ እትዬ።»

ለተትንሳኤ ከእያንዳንዳቸው ጋር ስትጨርስ አንድ ወረቀት ትሰጣለች። «የነገርከኝን ጽፌዋለሁ፤ አንብበህ ልክ ከሆነ ልክ ነው በለኝ» ትላለች። አብዱልሰላም አነበበና «ምነው? ትናንት ሥራ አልገባሁም ያልኩት መቼ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ስንሻውም «ገብቻለሁ እንጂ!» አለ። ዕፀገነት ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ይዛ ቆየች።

«ልክ ነው፣ እትዬ» አለች።

ለተትንሳኤ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። ያን ጊዜ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም ምድጃው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መብረቅ አይደለም» አለች። «ደመናው ከሄደ በኋላ ባንታምላክ ለዙፋን ደውሏል። ክዳኑን ከፍቶ ቂጣ በእጁ የያዘው ካህረባው መጥፋቱንና ሰሌዳው ‹አይበራም› ማለቱን አምኖ ነው። እሱ ውስጥ እያለ ይህን ማብሪያ ያበራ ሰው አለ።»

«ስንሻው ነዋ!» አለ አብዱልሰላም። «የተጣሉት እነሱ ናቸው።»

«የስንሻው እጅ ብርማ ነው፤ እጀታው ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ነው። ደግሞ ቂጣዎቹን ቁጠሩ። አሥራ አንዱ ቀፎው ውስጥ፣ አንዱ በእጁ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ባንታምላክ ሲሞት እየሞከረ የነበረው የስንሻውን ቁጥር ነው።»

ስንሻው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሳይነግረኝ!» አለ። «እኔ ሻይ ሻጯ ጋ ተቀምጬ ስሰድበው ነበር እኮ።»

ለተትንሳኤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስምንት ሰዓት ላይ ምድጃ የሚያበራው ቂጣ የሚተኮስለት ሰው ነው። ያ ሰው ድሮ ቀይ ካየ አያበራም፤ አረንጓዴ ካየ ያበራል። ባለፈው ሳምንት ቀለሙ ጠፍቶ ጽሑፍ መጣ። ቢሆንም ስድስት ቀን ስሕተት አልተፈጠረም፤ ምን እንደተጻፈ የሚነግረው ሰው ነበረው ማለት ነው። ትናንት ያ የሚነግረው ሰው ተቀይሞ ወጣ።»

«ስንሻው፣ ታውቅ ነበር?» ሲል አብዱልሰላም ጠየቀ።

«ዕፀገነት አልጠየቀችኝም» አለ ስንሻው። «ሳልፍ እንደ ጨዋታ ‹ዛሬ ይበራል›፣ ‹ዛሬ አይበራም› እላለሁ። እንዳታፍር ብዬ። ልጆቿን በዚህ ሥራ ነው የምታሳድገው።»

«ወረቀቱ ላይ ‹ትናንት ሥራ አልገባሁም› ብዬ ሐሰት የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ያነበበ ሰው ልክ ነው አይልም» አለች ለተትንሳኤ። «ሰው በዚህ መንገድ በመፈተኔ አፍሬያለሁ። ሌላ መንገድ ግን አላገኘሁም።»

ዕፀገነት መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሰሌዳውን አየሁት» አለች። «ሁለቱም ፊቱ ነጭ፣ ሁለቱም ጽሑፍ። አብዱልሰላምን ልጠይቅ ብዬ በሩ ድረስ ሄድኩ። አታነቢም እንዴ ቢለኝስ? ተመለስኩና አበራሁ። ሲጮህ ሰማሁ። አጠፋሁት፤ ግን ዘገየሁ።»

«ማንበብ እችላለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለ አብዱልሰላም። ከዚያ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። ቀይና አረንጓዴው ቆርቆሮ ያሳፈረው እሱ ነው።

ዕፀገነት በጉልበቷ ሄዳ የዙፋንን እግር ያዘች። ዙፋን እግሯን አላስለቀቀችም፤ እጇንም አልዘረጋችላትም።

«ስንሻው ሊታሰር መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«አውቅ ነበር። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ መሸብኝ።»

«ዛሬ ይቅር ልልሽ አልችልም። ተነሽና ለእነሱ ተናገሪ።»

የመኪና ድምፅ ተሰማ። ሻዊሹ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወርዶ በሩ ላይ ቆመና «ስንሻው የቱ ነው?» አለ። ከወርክሾፑ ፊት ለፊት ሻይ የሚጠጡት የቀን ሠራተኞች ሁሉ ብርጭቋቸውን ይዘው ዞር አሉ። የዕፀገነት ጎረቤቶችም፣ ልጇን በትምህርት ቤት የሚያውቁ እናቶችም እዚያ አሉ።

ስንሻው ሊነሣ ሲል ዕፀገነት ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ወደ በሩ ሄደች።

«ያ ሻዊሽ፣ ስማኝ» አለች፣ ማዶ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያበራሁት እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም።»