ያልጠፋው ካርታ

የኮምፒውተር ባለሙያው ዲሪርሳ ሱሉልታ ውስጥ በሚሠራበት የቅየሳ ድርጅት፣ ሰርቨሩ በተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ድንጋይ ወድቋል፤ መስኮቱ ተሰብሯል። ፖሊሶች ክፍሉን አሽገው «ሰልፈኛ ነው» በማለት ኦቦ ነገሳን አሰሩ። ሽማግሌው በዋዜማው «መሬቴን በማስተር ፕላን ሰበብ ቀማችሁኝ» እያሉ በሩ ላይ ሲጮኹ ውለዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ወህኒ ሊወሰዱ ነው።

መርማሪ ዱርሲቱ እሽጉን ቀድዳ ገባች። የመስታወቱ ስባሪ ያለው ውጭ፣ ሣሩ ላይ ነው። የሰርቨሩ ስክሪን 403 የሚል ቁጥር ያሳያል። ጥርሷን ነከሰች። አገር ሲነድ እንቁላሉን የሚጠብስበት አይጠፋም።

ጸሐፊዋን ቤተልሄምን ጠየቀቻት።

«ትናንት ልንወጣ ስንል የኦቦ ነገሳን የመሬት ካርታ ከዚህ ቢሮ ብከፍተው 404 አለኝ» አለች። «ዲሪርሳ ‹አንዱ ደምስሶታል፤ ቅጂ አለኝ፣ ሳልመልሰው አልወጣም› ብሎ ቀረ።»

ሥራ አስኪያጁ ወንዳፍራሽ እጁን አወራጨ። «መንገድ በሰልፈኛ ተዘግቶብኝ ዓለም ገና ከተማ ነው ያደርኩት። የካርታውንም ገጽ አላየሁም።»

ቀያሹ ኪሩቤል ፈገግ አለ። «እኔ ቡራዩ ቤቴ ነበርኩ፣ ዱርሲዬ።»

«መርማሪ በለኝ።»

«እሺ፣ መርማሪ። ሽማግሌው አሳዝነውኝ ማታ ካርታቸውን በስልኬ ልይ ብል 403 አለኝ። እኔንም ከለከለኝ።»

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው፤ ኦቦ ነገሳም በካቴና ገቡ።

«ሰርቨር ለጠየቀው ሁሉ በቁጥር ይመልሳል» አለች። «200 ‹እንካ› ነው። 500 ‹እኔው ራሴ ታምሜያለሁ›። 404 ‹የፈለግከው እኔ ዘንድ የለም›። 403 ግን ‹አለ፤ ላንተ አላሳይም› ነው። ቤተልሄም ስታይ ካርታው አልነበረም። 403 የመጣው ዲሪርሳ መልሶ ከቆለፈው በኋላ ነው።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ አየሁታ» አለ ኪሩቤል።

«በየትኛው ኢንተርኔት?» ድምፅዋ ሻከረ። «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በሰልፉ ሰበብ ቡራዩም ሱሉልታም ተቋርጧል። ጥያቄው ሳይደርሰው ሰርቨር ምን ብሎ ይመልሳል? ቁጥር የለም፣ ዝም ነው። ትናንት ማታ 403ን ማየት የሚቻለው በዚህ ቢሮ የውስጥ ገመድ ብቻ ነው። ወደዚህ መጥተህ፣ የደመሰስከው ካርታ መመለሱን አየህ፤ ልትከፍተው ብትል እምቢ አለህ። ዲሪርሳን ገደልክና መስኮቱን ከውስጥ ሰበርክ። የሰው መሬት በሌላ ስም ሸጠህ፣ ደሙን በሰልፈኛ ላይ አላከክህ።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ ኪሩቤል እጅ ዞረ።

ኦቦ ነገሳ አላመሰገኑም። ስክሪኑን አዩት። «ካርታዬ እዚህ ውስጥ አለ?»

«አለ፣ ኦቦ።»

«ክፈችልኛ፣ ልጄ።»

«የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ዲሪርሳ ብቻ ነበር። ባለሙያ እስኪመጣ...»

«ዶዘሩ ባቄላዬ ላይ ቆሟል።» የእጃቸውን አንጓ አሹ። «ዶዘር ቁጥር አያነብም።»

«ሹፌሩ ግን የፖሊስ መታወቂያ ያነባል» አለች ዱርሲቱ፤ ጃኬቷን አንሥታ ቀድማቸው ወጣች።