የተወካዩ ወንበር

«አለፈ! አየሽ ሬቫ፣ አለፈ!»

አያቷ ፓፓው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱና ከሶፋው ሊነሡ ሞከሩ። ገና ሳይቆሙ ሳል ያዛቸው። ሬቫ የምታጥበውን ሳህን ትታ ሮጠች። ከአፍንጫቸው የወለቀውን የኦክስጅን ቱቦ መልሳ አስገባችና ጀርባቸውን ቀስ እያለች አሻሸች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሱፍ የለበሱ ሰዎች እየተሳሳቁ ይጨባበጣሉ። የዋሽንግተኑ ምክር ቤት የጤና መድን ሕጉ እንዲሻር በጥቂት ድምፅ ብልጫ መወሰኑን ዜና አንባቢዋ ደጋግማ ትናገራለች፤ ሁለተኛው ምክር ቤት፣ ሴኔቱ፣ ገና ድምፅ አልሰጠበትም።

«የሰነፍ ሕግ ነበር» አሉ ፓፓው ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ሠርቶ የማያውቅ ሁሉ በእኔ ግብር ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከረመ። ሃርግሮቭ ደግ አደረገ። እኔስ የመረጥኩት ለዚህ አይደል?»

ሃርግሮቭ የእነሱን አካባቢ ወክሎ ዋሽንግተን የተቀመጠው ሰው ነው። ስሙ የተጻፈበት የምርጫ ሰሌዳ ካለፈው መኸር ጀምሮ በራቸው ላይ ተተክሎ ቆሟል። ፓፓው ሣር ባጨዱ ቁጥር ዙሪያውን በእጃቸው ያስተካክሉለት ነበር፤ አሁን ሣሩን የምታጭደው ሬቫ ናት።

የሬቫ ዓይን ሶፋው አጠገብ እያጉረመረመ ከሚሠራው የኦክስጅን ማሽን ላይ ነበር። የማሽኑም፣ የመድኃኒቱም፣ የሐኪሙም ወጪ የሚሸፈነው ፓፓው በሸሚዝ ኪሳቸው በሚይዟት አንዲት ካርድ ነው። ካርዷ ደግሞ የመጣችው በዚያው ሕግ ነው። ይህን ከፓፓው በቀር የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። የቤቱ ሰው ሁሉ ማለት እናቷና እሷ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ሬቫ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው። እንጨት መሰንጠቂያው ተዘግቶ ፓፓው ሥራም መድንም አጥተው ነበር። አንድ የክረምት ጠዋት ከንፈራቸው ጠቁሮ ማገዶ ቤቱ ውስጥ ወድቀው ተገኙ። እናቷ ዳርላ በአዲሱ ሕግ ካርድ ማውጣት እንደሚቻል ስትነግራቸው «ሕጉን ካወጡት ሰዎች እጅ ከምቀበል ብሞት ይሻለኛል» አሉ። ፓፓው እንዲህ ካሉ ደግሞ አሉ ነው። ከሳምንት በኋላ ዳርላ ካርዷን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይሄ የእነሱ አይደለም አባዬ፤ የግዛታችን የኬንታኪ ነው። አየኸው፣ ስሟ ተጽፎበታል።»

«የራሳችን ከሆነማ ምን ችግር አለው!» ብለው ኪሳቸው ከተቷት። ሬቫ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። ደግሞም ፓፓው ብቻቸውን አልነበሩም። ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሕጉን ሲረግም የሚውለው የመንደሩ ወንድ ሁሉ ኪሱ ቢፈተሽ ያቺው ካርድ ትገኝ ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ቦዲ አጠገቧ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ቦዲ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም።

«ቅዳሜ የእሳት አደጋ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ። ሃርግሮቭን ጠርተውት አልመጣም አለ። ቢሮው ሥራ በዝቶበታል አሉ።»

«ታዲያ ቀረ በለኛ።»

«የምን መቅረት! ወንበር ያስቀምጡለታል። ባዶ ወንበር። ሕዝቡ እየተነሣ ወንበሩን ያናግራል።»

«ቀልድህን ነው?»

«በእናቴ! ሚስ ኦፓል ናቸው የሚመሩት። ወንበሩ ፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ሁሉ ይቀመጥለታል፤ ከጠማው ብለው ነው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ማታ እራት ላይ ፓፓውም ሰምተውት ጠበቋት። ፊታቸው ቀልቷል። «ሰው በሌለበት ማማት ነውር ነው» አሉ ቦሎቄያቸውን በበቆሎ ዳቦ እየጠረጉ። «ሄጄ እናገርለታለሁ። ከዚህ መንደር አንድ ሰው እንኳ ከጎኑ እንዳለ ይወቅ።»

ለሬቫ የሚሆነው ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ፓፓው ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ሲሊንደራቸውን እየጎተቱ፣ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እያለ፣ ሕዝብ ፊት ቆመው ትንፋሻቸውን የሚሰጣቸው ሕግ ይፍረስ ብለው ሲከራከሩ። ከሰውም መሃል አንዱ ያውቅና ይስቃል። እሷ ደግሞ እያወቀች ዝም ብላ ታያለች።

እናቷ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስትመለስ ሬቫ ወጥ ቤት ውስጥ ጠበቀቻት።

«እማዬ፣ እንንገራቸው።»

«እንዳትሞክሪው!» ዳርላ ጫማዋን እያወለቀች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካወቀ ካርዱን ወርውሮ ያለ ኦክስጅን ይቀመጣል። አታውቂውም እንዴ? ግትርነቱን?»

«ሕዝብ ፊት ሊዋረዱ ነው እኮ።»

«ተዋርዶ ይኑርልኝ።»

እናቷ ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ ልክ ናት። ግን ልክ መሆኗ ነገሩን አላቀለለውም። ሬቫ አልጋዋ ላይ ሆና ስታወጣ ስታወርድ አንድ ነገር ብቻ እየጠራ መጣላት። ፓፓው ሲናገሩ ቁጭ ብላ ከሰማች፣ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ማየት አትችልም።

ቅዳሜ ዳርላ ሥራ ገባች። ፓፓው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው አሮጌዋን ፒክአፕ ነዱ። ሬቫ ሲሊንደሩን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር። አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ሰው እንዲበቃበት ተብሎ ቀዮቹ የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውጭ ወጥተው ተደርድረዋል። ፓፓው ሞተሩን አጠፉ።

«ፓፓው፣ ሳይወርዱ ካርዱን ያሳዩኝ።»

«የምን ካርድ?»

«የኪስዎን።»

አውጥተው ሰጧት። ሬቫ ካርዷን ወደ እሳቸው አዙራ ያዘች።

«ይሄ ካርድ ያ ሕግ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄማ የኬንታኪ ነው።»

«የተጻፈው የኬንታኪ ስም ነው። የሚከፈለው ግን ሕጉ ስላለ ነው። ሕጉ ከፈረሰ ካርዱ የለም፤ ማሽኑም የለም። እማዬ ያኔ እንደማይቀበሏት ስላወቀች ነው እንደዚያ ያለችው። እኔም ነበርኩ። ሁለታችንም ዋሸንዎት።»

ፓፓው በመስታወቱ አሻግረው ወደ አዳራሹ ያያሉ። ሰዎች ኬክና የዳቦ ትሪ ተሸክመው ይገባሉ። አንድ ሰው እጁን አወዛወዘላቸው፤ እሳቸው አላዩትም።

«ሦስት ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስሳደብ ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ።»

«አዎ።»

«ልጄ። የገዛ ልጄ።»

እጃቸውን ዘርግተው ካርዷን መልሰው ወሰዱ። ሬቫ በመስኮቱ ሊወረውሯት መስሏት ቶሎ ተናገረች።

«ከጣሏት አነሣታለሁ። መቶ ጊዜ ቢጥሏት መቶ ጊዜ አነሣታለሁ። ይቆጡን፤ መብትዎ ነው። ግን እየተነፈሱ ነው የሚቆጡት!»

ፓፓው በሩን ከፈቱ፤ ሲሊንደሩን ከእጇ ነጠቁና ራሳቸው እየጎተቱ ሄዱ። እሷ ሳትይዝላቸው ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ አንድ የብረት ወንበር ቆሟል፤ መደገፊያው ላይ «ሚስተር ሃርግሮቭ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የውኃው ብርጭቆም እውነት ነበር። ሚስ ኦፓል መንደሩን ሦስት ትውልድ ያስተማሩ አሮጊት ናቸው፤ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት በእጃቸው ይዘው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሰጣሉ። «መሳደብ ክልክል ነው» ይላሉ ደጋግመው፤ «ወንበሩም ቢሆን ክብር አለው።»

አንዲት ሴት ተነሣች። ለልጇ ሕክምና ገንዘብ የሚለመንበት፣ ፎቶው የተለጠፈበት የሳንቲም ማሰሮ ነዳጅ ማደያው ባንኮኒ ላይ ለወራት ቆይቶ ነበር። «ልጄ እንደገና ማሰሮ ላይ እንዲለጠፍ አልፈልግም» አለች ለወንበሩ። ሌላም አልጨመረች፤ ሁለት ደቂቃዋንም አልጨረሰችም።

ቀጥሎ ፓፓው እጃቸውን አወጡ። ማጉረምረም ተሰማ። በራቸው ላይ ያለውን ሰሌዳ የማያውቅ የለም።

«ኤልውድ! ሰሌዳህን ይዘህ መጣህ ወይ?» አለ ከኋላ አንዱ፣ ፓፓውን በስማቸው ጠርቶ። ሰዉ ሳቀ። የሬቫ ጆሮ ነደደ።

ፓፓው ማይክሮፎኑ ጋ እስኪደርሱ ትንፋሻቸው አለቀ። ከንፈራቸው ደም አጣ፤ ጉልበታቸው ሲብረከረክ ሬቫ ከሩቅ አየችው። ቦዲ ወንበር ፍለጋ ዘወር ዘወር አለ፤ የተረፈ አልነበረም። ፓፓው ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዘው ሁለት እርምጃ ሄዱና የሚስተር ሃርግሮቭ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ኤልውድ፣ እሱ ወንበር ሰው አለበት» አሉ ሚስ ኦፓል።

«እኔ ያየሁት ሰው የለም» አሉ ፓፓው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ፓፓው እስኪያበቃ ጠበቁ። ብርጭቆውን አነሡና ከተወካዩ ውኃ ተጎነጩ።

«ለዚህ ሰውዬ ልናገርለት ነበር የመጣሁት» አሉ ቀስ ብለው፣ በየመሃሉ እየተነፈሱ። «ንግግሬንም ተለማምጄ ነበር።» ካርዷን ከኪሳቸው አወጡ። «ይህቺን የያዛችሁ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ ያቺ ሴት አወጣች። ከዚያ አንድ ሁለት ሰው። ከዚያ ጥግ ያሉት የፀጉር ቤቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና እነሱም አወጡ። ከአዳራሹ ግማሽ በላይ እጁን አነሣ።

«እኔ የኬንታኪ ናት ብዬ ነው የያዝኳት። ሕጉን ደግሞ ስረግም ኖርኩ። ዛሬ፣ አሁን፣ እዚህ መኪና ውስጥ የልጅ ልጄ ናት አንድ መሆናቸውን የነገረችኝ።» ትንሽ አረፉ። «አባቴ በቅሎ ነበረችው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች። ያቺ በቅሎ እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። የእንቁላሉ ሰዓት ጮኸ፤ ሚስ ኦፓል በመዳፋቸው አፍነው ዝም አሰኙት።

«ሌላ የለኝም» አሉ ፓፓው። ከወንበሩ ተነሡና ካርዷን መቀመጫው ላይ አስቀመጧት። «ይኸው። ሊወስዳት ከፈለገ ራሱ መጥቶ ይውሰዳት።» ሲሊንደራቸውን እየጎተቱ በጎን በር ወጡ።

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሬቫ አላጨበጨበችም። ካርዷ ባዶው ወንበር ላይ ቀርታለች። ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት እንኳ የምታፍር ልጅ ናት፤ አሁን ግን በሰው ሁሉ መሃል አቋርጣ መድረኩ ላይ ወጣች። ካርዷን አነሣች። ማይክሮፎኑ አጠገቧ ነበር።

«ይቅርታ» አለች። «እኔ ለመጣል አልተስማማሁም። ሴኔቱ ገና ድምፅ አልሰጠም፤ እስከዚያ እኔ ጋ ትቆያለች።»

ሚስ ኦፓል አንገታቸውን ነቀነቁ። ክፍል ውስጥ ትክክል የመለሰ ተማሪን የሚያዩት እንደዚያ ነበር።

ሲመለሱ ፓፓው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነዱ። ሬቫም ይቅርታ አልለመነቻቸውም። በራቸው ላይ ሲደርሱ የምርጫ ሰሌዳው እንደቆመ ነው።

«ልንቀለው?» አለች።

«ተይው። ሰውዬው ሲመጣ ቤታችን እንዳይጠፋው።»

ቤት ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሬቫ ቱቦውን ከትልቁ ማሽን ጋር አገናኘችላቸው። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ፓፓው ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጡት።

«የት አለች?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እኔ ጋ።»

ፓፓው በሁለት ጣት የሸሚዛቸውን ኪስ ከፈት አድርገው ያዙላት። ሬቫ ጎንበስ ብላ ካርዷን ከተተቻት። ፓፓው ኪሱን ቆለፉት።

«ይቅር ብያችኋለሁ አላልኩም» አሉ።

«ገብቶኛል።»

ውጭ የእናቷ መኪና ጠጠሩን እየረገጠች ስትገባ ተሰማ። ፓፓው አንዱን ዓይናቸውን ገለጡ።

«እናትሽን ማን ሊነግራት ነው?»

«እኔ» አለች ሬቫ፤ ተነሥታም በሩን ከፈተች።