ቁልቁል የተዘነበለው አልጋ

ፕሮፌሰሩ የሞተው ሦስት ጊዜ ተመትቶ ነው። የመጀመሪያው ምት አናቱን ፈልጦታል፤ ሁለተኛው መንጋጋውን ከቦታው አንሥቶታል፤ ሦስተኛው አላስፈላጊ ነበር። የገደለችው ትንሿ የኦክስጅን ሲሊንደር አጠገቡ ወድቃለች፤ ጠርዟ ላይ ፀጉርና የአጥንት ስብርባሪ ተጣብቋል። ደሙ ግድግዳውን አልፎ ጣሪያ ድረስ ተረጭቷል።

ኮማንደሯ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ጫማዋ ላይ ላስቲክ አጠለቀች። ጡረታ ልትወጣ የቀራት ጥቂት ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ ምላሷ ግን ገና አላረጀም።

«ይኼ አንጀቱ ያረረ ሰው ሥራ ነው» አለች። «ሌባ ቢሆን አንዴ መትቶ ይሮጣል።»

«ገዳዩን ይዘነዋል እኮ» አለ ሳጅኑ ደረቱን ነፍቶ። «ነርሷ ናት። እስከ ክርኗ ደም በደም ሆና ነው ያገኘናት። በሩን በአሻራ መክፈት የሚችሉት ሟቹ፣ እሷና ምክትሉ ብቻ ናቸው። ምክትሉ ደግሞ በሰዓቱ ሌላ ክፍል ነበር።»

«ጎሽ። እንግዲያው እኔ ቤቴ ልሂድና ልተኛ?»

ሳጅኑ መንገድ ለቀቀላት።

ግድያው የተፈጸመበት አዳራሽ ሆስፒታል ነው ቢሉት ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ነው ቢሉት ላቦራቶሪ ነው። ሰው ጠፈር ላይ ክብደት አጥቶ ወራት ሲቆይ አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ አልጋ ላይ የሚውል በሽተኛም ዕጣው ያው ነው። ፕሮፌሰሩ ለሁለቱም የሚሆን መርፌ እየሞከረ ነበር። ለዚህም ጤነኛ ሰው በፈቃዱ፣ መርፌውን እየተወጋ፣ ጭንቅላቱ ከእግሩ ዝቅ ባለ አልጋ ላይ ለሳምንታት ይተኛለታል። ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይጸዳዳል፤ ሁሉንም እንደተኛ። ድንገት ልቁም ቢል ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ራሱን ስቶ ይዘረጋል።

በዚህ ዙር የተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተዋጊ አውሮፕላን ያበር የነበረ፣ እግሩ ከአልጋው የሚተርፍ ረጅም ሰው። አሁንም እዚያው እንደተኛ ነው። ሳጅኑ «ማስረጃ ነው» ብሎ እንዳይታጠብ ስለከለከለው ደሙ ፊቱ ላይ ደርቋል።

ኮማንደሯ መጀመሪያ ነርሷ ዘንድ ሄደች። በቁመቷ ምክንያት ሁሉም ሚጢጢ ይሏታል። አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ እጇን በካቴና ታስራ ተቀምጣለች።

«እጅሽ እንዴት በደም ተነከረ፣ ልጄ?»

«ደሙን ላቆም ነዋ። ሲሊንደሯን ከላዩ ላይ አንሥቼ ጭንቅላቱን ያዝኩት። ምን የሚያዝ ነገር ነበረው፤ ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ።» እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። «እዚህ ልብስ ማጠቢያው ሲጮህ ምንም አልሰማሁም። አንሶላ ይዤ ስገባ ወድቆ አገኘሁት።»

«ጠዋት ሰድቦሻል ይላሉ።»

«ሰው ፊት አዋረደኝ። በአንድ ሱሪ!»

«በምን ሱሪ?»

«አየር የሚሞላው። በሳምንት አንዴ አብራሪውን ጠረጴዛ ላይ አስረን፣ ቀጥ አድርገን ልቡን እንለካዋለን። ያኔ እናለብሰዋለን፤ እግሩንና ሆዱን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይመልስለታል። ትናንት አውልቄ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አኖርኩት፤ ዛሬ ብፈልገው ውሃ በላው።»

«አብራሪውስ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«እሱን እንኳ ተዉት፣ የራሱ ይበቃዋል። አንድ ልጁ ታች ተኝታለች። መኪና ከገጫት ወዲህ እግሯ አይታዘዝም። እሱ ለሙከራው ከተኛ እሷም መርፌውን እንድታገኝ ተስማምተው ነው የገባው። አሁን ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀምራለች።»

ምክትሉ ፊት ላይ የጭንብል ጠርዝ የተወው ቀይ መስመር አለ። ስስ አየር ከሚሉት ክፍል መውጣቱ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አየሩ እየተመጠጠ እንደ ረጅም ተራራ ጫፍ ይሆናል።

«የክፍሉ ተቆጣጣሪ ከውጭ በመስታወት ሲያየኝ ነበር» አለ። «አየሩ ቀስ ብሎ ካልተመለሰ በሩም አይከፈት።»

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«የለም። መድኃኒቱ ጥቂት ነው። እኔ ለጠፈርተኞች ሙከራ ይቀመጥ እላለሁ፤ እሱ ለታመሙት ይሰጥ ይል ነበር። ትናንት ግን አብራሪውን እየለካን ሳለ ደውሎ መድኃኒቱ ስንት እንደቀረ ጠየቀኝና “የልጅቷን ማቆም ሳይኖርብኝ አይቀርም” አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ነገር ሳያረጋግጥ አይናገርም። እኔ ግን አሸነፍኩ ብዬ “በመጨረሻ ለጠፈርተኞቹ ሊተውልን ነው” አልኩ።»

«ጮክ ብለው?»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ።

ኮማንደሯ አብራሪው አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደሙ ግንባሩ ላይ አርፎ፣ ቅንድቡን ተሻግሮ፣ በአፍንጫው ጎን ወርዶ አገጩ ላይ ረግቷል። ሸሚዙም ደረቱ ድረስ ተረጭቷል። እስከ አንገቱ የተሸፈነበት ብርድ ልብስ ግን ጠብታ የለበትም።

«ምን አዩ?»

«ተኝቼ ነበር። ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ነጭ ጋውን አየሁ፣ ክንድ ተነሣ፣ ከዚያ ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። መዞር እንኳ አልቻልኩም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ሰው በከንቱ አልወነጅልም። ግን አጭር ነበረች።»

ኮማንደሯ ከወንበሩ ተነሣች። ውሸታም ብዙ አይታለች፤ የምታጥበውን ነርስ ለስቅላት ገመድ አሳልፎ የሚሰጥ ግን ብዙ አላየችም። ወጥታ ጥቂት ተንጎራደደችና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ነርሷ በካቴና፣ ምክትሉ በሩ አጠገብ፣ አብራሪው አልጋው ላይ ሆኑ።

«ሳጅን፣ እዚያኛው ባዶ አልጋ ላይ ተኛ።»

«እኔ?»

«ጫማህን አውልቅ።»

ሳጅኑ እያጉረመረመ ራሱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ተጋደመ። ኮማንደሯ ቀዩን የቁስል መድኃኒት ግንባሩ ላይ አንጠባጠበች። መድኃኒቱ ወደ አናቱ ሸሽቶ ፀጉሩ ውስጥ ገባ። ወደ አገጩ የሄደ አንድም ጠብታ የለም።

«እንግዲህ የዚህን ሰው ፊት ተመልከቱ» አለች ወደ አብራሪው ዞራ። «ደሙ አገጩ ላይ ነው። ይህ ደም ተረጭቶ ሲወርድ አገጩ ከግንባሩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሰውየው ቆሞ ነበር። ሸሚዙ ደም ሲሆን ብርድ ልብሱ የጸዳውም ለዚሁ ነው፤ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ትቶት ነበር። ደግሞ ፕሮፌሰሩ ረጅም ነው፤ አናቱን ከላይ የፈለጠው ሰው ሚጢጢ ልትሆን አትችልም። ወንበር ላይ ወጥታ እስክትመታው ቆሞ አይጠብቃትም።»

«መቆም አይችልም እኮ» አለ ምክትሉ።

«ሱሪውን ካልለበሰ አይችልም። ዕድሜውን ሙሉ እየለበሰው ነው የበረረው፤ አውሮፕላን ሲጠማዘዝ ራሱን እንዳይስት። ተኝቶ ማጥለቁንም፣ በእጁ መንፋቱንም ከማንኛችሁም በላይ ያውቅበታል። ሳጅን፣ ፍራሹን አንሣ።»

ሱሪው እዚያው ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ደም ደርቆበት። ብርድ ልብሱን ሲገልጡ የማሰሪያው መስመር በሰለለ ጭኑ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ታየ።

አብራሪው ለመካድ አልሞከረም።

«መርፌዋን ነጥቆ ለጠፈርተኛ ሊሰጥብኝ ነበር» አለ። «ስለ ልጅህ የምነግርህ አለ ብሎ ገባ። ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን እየታጠበ “መርፌው ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል” ሲል ተነሣሁ። ሲወድቅም አልበቃኝም። አቅም ቢኖረኝ እጨምርለት ነበር።»

«አላስጨረስከውማ» አለች ኮማንደሯ። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

ሳጅኑ ካቴናውን ፈታላት። ሚጢጢ ወደ አልጋው ቀረበች።

«እንደ ሕፃን ሳጥብህ ከርሜ፣ እኔን ልታስበላኝ?»

አብራሪው ወደ ግድግዳው ዞረ። «ከመወሰዴ በፊት ልጄን ልያት» አለ። ኮማንደሯ እሺ አለች። ነርሷ ፎጣ ነክራ አመጣችና የደረቀውን ደም ከፊቱ ላይ አጠበችው፤ ለልጅቷ ስትል ነው። እጁን ከአልጋው ጋር አስረው፣ ካቴናውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ወደ ታች ገፉት፤ ምክትሉም ተከተላቸው።

ልጅቷ ፊቷ አብጦ፣ ገርጥታ ተኝታለች። አባቷን ስታይ ፈገግ አለች።

«አባዬ፣ ፕሮፌሰሩስ? ለአባትሽ ነግሬው ተመልሼ እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ።»

«ምን ሊነግረኝ?»

«መርፌው ኩላሊቴን እየጎዳው ነው አለኝ። በደሜ ምርመራ አይቶታል። ከእንግዲህ አንድም አትወጊም፣ እግርሽ ቢዘገይ ይሻላል አለ።» ከዚያ ወደ ምክትሉ በትዝብት ተመለከተች። «ፕሮፌሰሩ ሲቀርብኝ ለሱም ነግሬው ነበር። መርፌ ፈርተሽ ነው፣ መዝገቡ ላይ ይቁም የሚል የለም ብሎ ወጋኝ።»

ምክትሉ ዕቃ እየገለበጠ፣ ሐኪም ጥሩልኝ እያለ በኮሪደሩ ሮጠ። ኮማንደሯ የልጅቷን ያበጠ እጅ ያዘች። አብራሪው ቀና ሊል ሲታገል ካቴናው አስቀረው።

«የኔን ስጧት» አለ። «ኩላሊቴን አውጡና ስጧት። አሁኑኑ።»

ሚጢጢ ትከሻውን ይዛ ወደ ፍራሹ መለሰችው።

«አንተም እኮ ስትወጋ የከረምከው ያንኑ መርፌ ነው» አለችው፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።