እታለምን ለሙታን የሰጠ እጅ

ሟቹ አልጋው ላይ ነው። ደረቱ ላይ በተዘረጋችው ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ቅጥር ወታደሮች በአፅሞች ተከበው ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

መርማሪዋ ጨዋታ አታውቅም፤ የወጣት ሬሳ ግን በቅቷታል። ሐኪሙ ልጁ በትራስ ታፍኖ መሞቱን አረጋግጧል። ማሞቂያው ሌት ተቀን ስለሚነድ ግን መቼ እንደሞተ ቁርጡን መናገር አልቻለም። ቁርጡን የተናገረው ጨዋታው ነው፤ የሟቹ ጦር ትናንት ሲዋጋ አምሽቷል። ምሽቱን ቤት ውስጥ የነበረችው ደግሞ ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። አለቃዋ «ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሻት ነይ» ብሏታል።

«ከፋብሪካ ስገባ በሩ ዝግ ነበር» አለች እህቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ላይ አሁንም ክር ተጣብቋል። «ከበሮው ይሰማኝ ነበር። ተራ በተለወጠ ቁጥር ከበሮ ይመታል። ሲጫወት ከረበሽኩት ስለሚያኮርፍ እራቱን በር ላይ ትቼለት ተኛሁ።»

«የራሱን ድምፅስ ሰምተሻል?»

«የእሱን? አይ።»

በሩን ተደግፎ የቆመው አጎቷ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ አላስጨረሳትም። «እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት። ሌላ ማን ነበረ? እሱን ማስታመም እንዳንገፈገፈሽ እናውቃለን። ግን ልጁ ምን አደረገሽ?»

እህትየዋ ቀና ብላም አላየችው።

በክፍሉ ያለው ሦስተኛው ሰው የእህትየዋ እጮኛ ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ትናንት እሷ ሥራ ስለነበረች ለታማሚው ምሳ ያቀበለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይነሳ ማምሸቱን ደንበኞቹ በአንድ ቃል መስክረዋል።

«እስቲ አስረዳኝ» አለችው መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ እያመለከተች። «እነዚህን ሙታን እንዴት ነው የምትዋጓቸው?»

የተጠየቀው ስለ ጨዋታ በመሆኑ ፊቱ ፈታ አለ። «አስቸጋሪ ናቸው። ሰው ሲሆን መሪውን ከመቱት ሌላው ይሸሻል። ሙት ግን አይፈራም፣ አይደማም፣ አይደክመውም። ጥለውት ዞር ካሉ በሚቀጥለው ተራ ይነሳል። የእኛም ሰው ከሞተ ከእነሱ ጎን ሆኖ ይነሳል። እንዳይነሳ አንድ ወታደር ሬሳው ላይ መቆም አለበት።»

«ወታደር ካነሰስ?»

«ያኔ አንዱን መተው ነው። ሙታኑ እሱ ላይ ሲረባረቡ የቀሩት ከኋላ ይመቷቸዋል።»

«ሟቹም እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«እሱማ!» አለ እጮኛዋ። «አንድ ሰው ከሚሞትበት ጦርነቱን ትቶ ቢሸሽ ይመርጣል። ስንቴ ተጨቃጭቀናል! አንድ ጦር ነው ያለን፤ እሱ ከዚህ፣ እኔ ከሱቅ ሆነን ነው የምናዘው።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ትናንት ግን ሥራ ስለበዛብኝ ጨርሶ አልገባሁበትም» ብሎ ጨመረ።

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከአፅሞቹ መሀል ጋሻ የያዘች ሴት ቆማለች፤ ፊቷን ወደ ገዛ ጓዶቿ አዙራለች፤ ከራሷ በላይ ስሟ ተጽፏል።

«እታለም የምትባለው ማናት?»

«እኔ ነኝ» አለች እህቱ። «እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ስሜን ሰጥቷት ነበር። እንዳትመታ ሁልጊዜ ከኋላ ያቆማታል።»

መርማሪዋ በሩን ዘጋችና ሁሉንም እንዲቀመጡ አደረገች።

«እታለም ሞታለች» አለች። «ሞታ፣ ሬሳዋ ላይ የሚቆም ጠፍቶ፣ ከሙታኑ ጋር ተነስታለች። ትናንት ማታ ያዘዘው ሰው ለማጥመጃ ትቷታል። ስልቱ ትክክል ነው፤ ጦሩ የተረፈው በዚያ ነው። ይህ ልጅ ግን አንድም ሰው አይተውም፤ እሷንማ ጭራሽ። ስለዚህ ያዘዘው እሱ አይደለም። ቀድሞ ሞቷል። እህቱ የሰማችው ከበሮ የተመታው ከሌላ ቦታ በመጣ ትእዛዝ ነው። ከሌላ ቦታ ማዘዝ የሚችል አንድ ሰው ነው፤ ምሳ ያቀበለውም እሱ ነው።»

«ማታ ተኝቶ ሳለ የሞተ ይመስላል ብዬ ነበር» አለ እጮኛዋ። «ትራሱን ያውቁታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከታወቀ በኋላስ? እሷ ልትታሰር ስትል አንተ ዝም አልክ። በጨዋታውም በእውነቱም የተውካት አንተ ነህ።»

አጎትየው እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

«ለአንቺ ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ እጮኛዋ ወደ እሷ ዞሮ። «ተጋብተን እንሂድ ስልሽ፣ ‹እሱ እያለ የትም አልሄድም› አላልሽኝም?»

«ብያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መሄድ ስለማልፈልግ ነው ያልኩህ።»

ፖሊሶቹ ሲያወጡት አላየችውም። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። በሥራ ዘመኗ ንፁሕ ሰው ነፃ ባወጣች ቁጥር ትንሽ ደስታ ይሰማት ነበር፤ ዛሬ ፈልጋ አጣችው።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ እህቴ» አለቻት።

«ነፃነቱን ምን ላድርገው?» አለች እህትየዋ።