ለአራስ ልጅ ቆዳ የሚስማማ

«አፍንጫሽን ይዘሽ ግቢ» አላት ኢርፋን፣ የጓዳውን መጋረጃ በክርኑ ገለጥ አድርጎ።

አፍራ ሳትይዝ ገባች፤ ወዲያው ተጸጸተች። ከአባቷ የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ጀርባ ያለችው ይህች ጓዳ እስካለፈው ወር ድረስ ባዶ ካርቶን የሚታጨቅባት ነበረች። አሁን መሬቱ ላይ ትልቅ ሳፋ ተቀምጧል። ሳፋው ውስጥ ከቆራሌ የተገዙ ያገለገሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተዘፍዝፈዋል። ውሃው ላይ የተላጠ ወረቀት፣ አረፋና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ይንሳፈፋል። ከሳፋው አጠገብ አሮጌ የቀለም ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ ያለውን ቢጫ ነገር ኢርፋን በመወልወያ እንጨት ያማስለዋል። የከረመ ዘይት ላይ ርካሽ ሽቶ ሲደፋበት የሚወጣው ሽታ ጉሮሮዋ ላይ ተለጠፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሎሽን ነዋ! ጊዜው ያለፈበትን እናሞቀዋለን፣ ዘይት ጣል እናደርግበታለን፣ ትንሽ ሽቶ... በቃ፣ አዲስ ሆነ።» ኢርፋን ሳቀ። «አሁን ደሞ ያንቺን ሥራ እዪ። ባለፈው ሳምንት ታትሞ መጣ፤ ሳላሳይሽ ቀረሁ እንጂ።»

ከመደርደሪያው ላይ የተጠቀለለ ተለጣፊ ወረቀት አንሥቶ ዘረጋላት። ወርቃማ ጠርዝ፣ የተኛ ሕፃን ፎቶ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፉ አራት መስመሮች። አፍራ ሦስቱን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም። ለአራስ ልጅ ቆዳ የሚስማማ። ከንጹሕ የወይራ ዘይትና ከማር የተዘጋጀ። እናት ለልጇ የምትመርጠው።

የጻፈቻቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ኢርፋን የአክስቷ ልጅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በማዕረግ ተመርቆ እነሱ ቤት ይኖራል። «አዲስ የሚገባ የሕፃን ሎሽን አለ። አስመጪው እንግሊዝኛ የሚያሳምርለት ሰው ይፈልጋል» ሲላት አመነችው። ሦስት ቀን ሙሉ መዝገበ ቃላት ላይ ተደፍታ ከረመች። ለመጀመሪያው መስመር ብቻ ስድስት ዓይነት ቃል ጽፋ ሰርዛለች። ኢርፋን አንብቦ፣ «እንዲህ መጻፍ እኮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማስታወቂያ ድርጅት ብትቀጠሪ በዚህ እንጀራ ትበያለሽ» ሲላት ያን ዕለት ምሳ እንኳ አላስታወሰችም። አሁን ያ ደስታዋ ራሱ አስጠላት።

ደስ ያላት በሙገሳው ብቻ አልነበረም። አፍራ አሥረኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብላ መርጣ፣ ቅጹን በወላጅ አስፈርማ ነገ ማስገባት አለባት። እሷ የምትፈልገው ማኅበራዊ ሳይንስ ነው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ ማጥናት፣ ከዚያ አስተርጓሚ መሆን። አባቷ አብዱልከሪም ደግሞ ፋርማሲስት እንድትሆንለት ይመኛል። «እንግሊዝኛ ተምሮ ምን ይኮናል?» ይላታል ሁልጊዜ። «ኢርፋንን አታዪውም?» ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማምተው ነበር። እንግሊዝኛዋ ለሱቁ የሚጠቅም ሥራ ከሠራ፣ ይፈርምላታል። የሚፈርመውም ዛሬ ነው። ቅጹን በፕላስቲክ ሸፍና ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጥታለች።

«አራተኛውን መስመር እኔ አልጻፍኩትም» አለች ወረቀቱን እያየች። አራተኛው «በሐኪሞች የተፈተነ» ይላል።

«እኔ ነኝ ጣል ያደረግኩት።»

«የትኛው ሐኪም ነው የፈተነው?»

«አቦ አታካብጂ! ማን ያነበዋል?» ኢርፋን እንጨቱን ባልዲው ላይ አጋደመው። «ስሚ፣ እዚህ ሰፈር እንግሊዝኛ የሚጻፈው እንዲነበብ አይደለም፤ እንዲታይ ነው። በአማርኛ ብትጽፊው ‹የሀገር ውስጥ ነው› ብለው አስቀምጠውት ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ ካለበት የውጭ ነው። አለቀ።»

«ሕፃን ነው እኮ የሚቀባው!»

«እስካሁን ማንም አልሞተም።»

ማንም አልሞተም! ሰው የሚያሳፍር ነገር ሲሠራ ከአፉ የማትጠፋ ዓረፍተ ነገር ብትኖር ይቺ ናት። አፍራ ጣቶቹን አየች። በቅባት ወዝተው ያብረቀርቃሉ። ልጅ ሳለች በእነዚህ ጣቶች የእንግሊዝኛ ልቦለድ ገልጦ፣ እያነበበ በአማርኛ ይተርክላት ነበር። የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እንግሊዝኛ መማር አለብኝ ያለችውም በእሱ ምክንያት ነው።

«ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርከው?» አለችው።

የኢርፋን ፈገግታ ጠፋ። «እንዴ፣ ትምህርቱ ምን አደረገ? አብራኝ የተመረቀችው አመተ ሥላሴ ፍርድ ቤት ታስተረጉማለች። ኑሪ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ያርማል። ኪዳነ ማርያም ክፍለ ሀገር ነው የሚያስተምረው፤ ደሞዙ አይወራም። ግን ‹ተማሪዎቼ ጋዜጣ አወጡ፣ ቲያትር ሠሩ› እያለ ፎቶ ሲልክልኝ ነው የሚውለው። እኔም ማስተማር ደርሶኝ ነበር።»

«እና?»

«መርካቶን ጥዬ ገጠር ልግባ?» ትከሻውን ሰበቀ። «አባትሽ ‹እዚሁ ሥራ› አለኝ። ቀለለኝ።»

ቀለለኝ። አፍራ ከባልዲው ሽታ የባሰ ነገር ተሰማት። ችግር ገፍቶት ቢሆን ታዝንለት ነበር፤ ሰው ተርቦ የሚሠራው ብዙ ነገር አለ። ይሄ ግን ስለቀለለው ነው እዚህ ቆሞ የሚያማስለው።

«አፍራ!» አባቷ ከፊት ተጣራ። «ነይ ወዲህ፣ እትዬ ሸዋገነት መጥተዋል!»

እትዬ ሸዋገነት ከሱቁ ሁለት መደዳ አለፍ ብሎ ቅመም የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። እሳቸውም፣ ሌሎቹ የአካባቢው ነጋዴዎችም የማያውቁትን ነገር ሲገዙ ለአፍራ ሳያስነብቡ አይከፍቱትም። የመድኃኒት ወረቀት ይሁን የመፍጫ ማሽን መመሪያ፣ ከዓረብ ሀገር የተላከ ክሬም ይሁን የታሸገ ወተት፣ «ቆይ፣ አፍራ ትየው» ይባላል። ይህ ሥራ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የእሷ ነው። አንዴ እትዬ ሸዋገነት በቀን አንዴ የሚዋጠውን የግፊት መድኃኒት በቀን ሦስቴ ሊውጡት ሲሉ የደረሰችላቸው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ባዩዋት ቁጥር ግንባሯን ይስሟታል።

ዛሬም ሳሟት። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ወደተደረደሩት አዳዲስ ጠርሙሶች ጠቆሙ።

«የልጄ ልጅ እሑድ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል። ባለፈው ሳምንት ካባትሽ አንዱን ወስጄለት ነበር። ግን ሳላስነብብሽ እንዴት አድርጌ ልቀባው? ዛሬ ደሞ ለእናቲቱም ልጨምር ብዬ መጣሁ። እስቲ ምን እንደሚል ንገሪኝ።»

«አንብቢላቸው እንጂ!» አለ አብዱልከሪም። ፊቱ በኩራት በርቷል። «እትዬ ሸዋ፣ ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ይሄንንማ...» አለና የጀመረውን ዋጠ። ይሄንንማ እሷው ናት የጻፈችው ሊል ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ልጁን ያያታል፤ ጓዳ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ከዚያ ወጥታ እንደመጣችም ያውቃል።

አፍራ ጠርሙሱን አነሣች። ክዳኑን ስትከፍተው ጠመዝማዛው ሥር የድሮው ሎሽን ደርቆ ግራጫ ቅርፊት ሠርቷል። የማን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተገኝቶ ይሆን? ክዳኑን መልሳ ገጠመችውና አነበበች።

«ለአራስ ልጅ ቆዳ የሚስማማ፣ ይላል። ከንጹሕ የወይራ ዘይትና ከማር የተዘጋጀ። እናት ለልጇ የምትመርጠው። በሐኪሞች የተፈተነ።»

«ተባረኪ! ካንቺ አፍ ከወጣ ምን እጠራጠራለሁ» አሉና እትዬ ሸዋገነት የመቀነታቸውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።

አልዋሸችም። አንድም ቃል አልጨመረችም፣ አንድም አልቀነሰችም። ፍርድ ቤት ቢያቆሟት ትርጉሙ ትክክል ነው ብላ ትምላለች። አፍራ ግን በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት ራሷን ተጸይፋ አታውቅም። አፏን በሳሙና መታጠብ አማራት።

«እትዬ ሸዋ፣ አይክፈሉ» አለች።

«ምነው?»

«የተጻፈው ያነበብኩልዎት ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ውስጡን ሳላይ። ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ልጁን እንዳይቀቡት። የወሰዱትንም ይድፉት።»

አብዱልከሪም ሳቅ ጀመረ። «ቀልዷን ነው! የዘንድሮ ልጆች እኮ...» ሳቁን የሚቀበለው ሰው አጣና አቆመ።

እትዬ ሸዋገነት መጀመሪያ ልጅቷን፣ ከዚያ አባትየውን አዩ። ጠርሙሱን አንሥተው ከፈቱት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸውን አጨፈገጉና ባንኮኒው ላይ መለሱት። መዳፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ጠረጉ። «ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነህ፣ አብዱልከሪም» አሉ። ሁልጊዜ ሲወጡ «ገበያህ ይቅና» የሚሉት ሴትዮ ዛሬ ሳይሉት ወጡ።

አባቷ እስኪርቁ ጠበቀ። «የበላሽበትን ወጪት ሰበርሽ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ያሳደገሽ ይሄ ሱቅ ነው። ይሄን የለበስሽውን ዩኒፎርም የገዛው ይሄ ሱቅ ነው።»

እውነቱን ነው። አፍራ የዩኒፎርሟን እጅጌ አየችና ያም ቀፈፋት።

«ድሮ እንደዚህ አትሸጥም ነበር፣ አባ።»

«ድሮ ዶላሩ እንደዚህ ነበር? ኪራዩ እንደዚህ ነበር? አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ፤ ይህ ከቁጣው የበለጠ አስፈራት። «ቅጹን አምጪው።»

ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችለት። አባቷ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ማኅበራዊ ሳይንስ፣ አይደል? እንግሊዝኛ ልታጠኚ? እሺ። አሁን ሮጠሽ እትዬ ሸዋ ጋ ትሄጃለሽ። ‹ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ጠርሙስ መስሎኝ ነው› ትያቸዋለሽ። በቃ። ልጅ ነሽ፣ ይሳሳታል ልጅ። ስትመለሺ ፊርማው ላዩ ላይ ነው።»

እስክሪብቶው ከወረቀቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ ሁለት መደዳ አልፎ ወደ ቀኝ ነው። እትዬ ሸዋገነት ደግሞ ያምኗታል፤ እሷን ሳያምኑ ቀርተው አያውቁም። ከዚያ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ የምትፈልገው ሁሉ። የሚከፈለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ኢርፋን በመጋረጃው ቀዳዳ ብቅ አለ። «ሂጂ እንጂ አፍሪ» አላት በቀስታ፣ በቅባት የወዛ እጁን ወደ በሩ እየዘረጋ። «ምን ችግር አለው? አሁን ትገላገያለሽ።»

አፍራ አየችው። ለእሱም እንደዚህ ሳይሉት አልቀሩም፤ እንደዚሁ በቀስታ፣ እንደዚሁ በፍቅር።

«አልሄድም» አለች።

«እንግዲያው አልፈርምም። ነገ ማስገቢያው ያልፍሻል።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

ቅጹን ከነፕላስቲኩ ፊት ለፊቱ ተወችው። ከባንኮኒው ሥር ዱካውን ጎትታ ሱቁ በር ላይ አደረገችና ተቀመጠች። ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታለች። ውጪ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ፣ አንዱ ሻጭ ካልሲ በእፍኙ ይዞ ይጮኻል። ከኋላዋ የአባቷ ትንፋሽ ይሰማታል። እስክሪብቶው ባንኮኒው ላይ አላረፈም፤ ወደ ኪሱም አልተመለሰም።

ብዙ አልቆየም። ከአውቶቡስ ተራ በኩል የመጣች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ሴት በሩ ላይ ቆመች። አንድ እጇ ላይ ፌስታል አንጠልጥላለች፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየች። ወርቃማው ጠርዝና የተኛው ሕፃን ዓይኗን ሳቡት። አንዱን አነሣችና አገላበጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» አለች፣ ማንን እንደጠየቀች ሳታውቅ።

አብዱልከሪም አፉን ከፈተ። አፍራ ግን ከዱካው ተነሥታ ነበር።

«እኔ ላንብብልሽ፣ እህቴ» አለች፣ እጇን ዘርግታ።