የተሰረቀው ቀይ ጥብጣብ

«ይሄንን ማን አሰረላቸው?»

ሪሐና የሽማግሌውን እጅ እንደያዘች ዞረች። እሷ ያሰረችላቸው ቢጫ ጥብጣብ ነበር። አሁን እጃቸው ላይ ያለው ቀይ ነው።

«እኔ ነኛ!» አለ ልጃቸው ሃሩን። «አባቴ እየደማ ቢጫ ብሎ ነገር የለም!»

ጀሞ ባለው ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መጀመሪያ በሽተኛ የምታየው ሪሐና ናት። ትንፋሽ ትቆጥራለች፣ ግፊት ትለካለች፣ ከዚያ እንደ ሕመሙ ክብደት ጥብጣብ ታስራለች። ቀይ ወዲያው ይገባል፤ ቢጫ ትንሽ ይቆያል፤ አረንጓዴ ይጠብቃል። እሷ ዘንድ ቀድሞ መምጣትም ሆነ መጮህ አይሠራም። ለቡ ሰፈር ሴራሚክ የሚሸጠው ሃሩን ግን ነገሩን ሁሉ በጩኸት መጨረስ የለመደ ሰው ነው። ዞር ስትልለት ከጠረጴዛዋ ላይ ቀዩን አንስቶ አሰረው።

ሪሐና መቀስ አወጣችና ሰው ሁሉ እያየ ቆረጠችው።

«ወንድሜ፣ የአባባ ደም ቆሟል። መስታወት የቆረጠው እጅ ነው፣ ይሰፋል።»

«እሱስ?» ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ የሚያልበውን ቀለም ቀቢ በጣቱ አሳያት። «ከኛ በኋላ መጥቶ ቀይ አሰርሽለት! ዘመድሽ ነው አይደል?»

 የአባቱን እጅ በገዛ ሸሚዙ ጠቅልሎ ተሸክሟቸው መምጣቱን ስታይ ልቧ ራርቶለት ነበር... ትንሽ ብቻ! አሁን ያቺም ጠፋች። ቀለም ቀቢውን በአልጋ እየገፋች ሮጠች።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊዋ አቶ ምትኩ ቢሮ አስጠራት። ሃሩንና አባቱ ጋሽ ዑስማን ተቀምጠዋል።

«ዘመድ አስቀድመሻል የሚል አቤቱታ ቀርቦብሻል» አለ አቶ ምትኩ። «ይቅርታ ጻፊና ነገሩ ይዘጋ። ካልሆነ ከዚያ በር ተነስተሽ ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ።»

ሦስት ዓመት የቆመችበት በር ነው። ስንት ሰው በእጇ አልፏል! እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«አልጽፍም።»

«ሪሐና፣ ለሰላም ብለሽ...»

«ነገም ያ ሰው ቢመጣ ያንኑ ነው የማደርገው! ከሥራው አንሱኝ፤ ውሸት ግን አልፈርምም።»

«ታዲያ ሰውየው ምን ሆኖ እንደነበር ለምን አትነግሪንም?» አለ ሃሩን።

«የበሽተኛ ምስጢር ነው። አንተም ብትታመም ለማንም አልናገርብህም።»

ጋሽ ዑስማን በፋሻ የታሰረ እጃቸውን አነሱ።

«አንተ ልጅ፣ በቃህ! እኔ ስሰፋ መጋረጃው አጠገብ ነበርኩ። የዚያ ሰው ልብ ቆሞ ነበር። ይቺ ልጅ ደረቱን እየተጫነች መለሰችው። ከዚያ ‹ስምህ ማን ነው? አትተኛብኝ!› እያለች ስትለምነው ሰማሁ። ለመሆኑ የዘመዱን ስም የሚጠይቅ ማን ነው?»

 ሃሩን አንገቱን ደፋ።

«ቀዩን መስረቄን አቤቱታው ላይ አልጻፍኩትም» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታውን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

እዚያው ጻፈው። አንዱን ቅጂ አቶ ምትኩን እንኳ ሳያስፈቅድ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ለጠፈው!

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሃሩን ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«ምንህን ነው?»

«እዚህ ጋ...» ደረቱን ያዘ።

ደነገጠች። እጁን ይዛ የልቡን ምት እየቆጠረች «ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ቀዩን ከቆረጥሽው ቀን ጀምሮ።»

ፊቷ ቀላ። አረንጓዴውን አንስታ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት።

«ከኋላህ የእውነት የታመመ ሰው አለ። ሄደህ ተቀመጥ!»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ሥራዬን እስክጨርስ።»

ተቀመጠ። ወንበሩን ለአንዲት እናት ለቆ ቆመ። ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ቀድሞት ሲገባ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ያ ጯሂው ሃሩን! ሪሐና ሥራዋ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ደበቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋዋኗን አውልቃ ወጣች። እዚያው ነው፣ ጥብጣቡም እጁ ላይ ነው።

«አልሄድክም?»

«ተራዬ አልደረሰማ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሪሐና፣ ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ። የሚናገሩት ግን አባባ ይሁኑ። አንተ ትጮኻለህ!»

መቀሷን አወጣችና ጥብጣቡን ቆረጠችለት። እጁን ግን አልለቀቀችም።