እጃቸውን የደበቁ ሰዎች

«ይሄን ደግሞ የትኛው ፀጉር ቆጣሪ ነው የሳለው?» አለች ልጅቷ፣ በአንሶላ ከተጠቀለሉት ሥዕሎች አንዱን ገልጣ።

ሸራው ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ተስሏል። የኮቱ ቁልፎች ያብለጨልጫሉ፤ የጫማው ክር እንኳን ጥላ አለው። ሰውየው ራሱ ግን የለም።

መሰላል ላይ የቆመችው አክስቷ ሁለት ምስማር በከንፈሯ ይዛለች። አንዱን አወጣች፤ ሌላውንም አወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አክስቷ ስሟ የተጠራ ሰዓሊ ናት፤ ቁጣዋም ከሥዕሏ እኩል ይታወቃል። ነገ የሚከፈተው ኤግዚቢሽን የሠላሳ ዓመት ሥራዋ ነው። ልጅቷ ልታግዛት ብትመጣም የራሷም ጉዳይ ነበራት፦ በሩ ሥር በተደገፈው ሰማያዊ አቃፊ ውስጥ አሥር ሥዕሎቿ አሉ። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ለሥዕል ትምህርት ቤቱ ካላስገባቻቸው የዘንድሮው ዕድሏ ያልፋታል።

«እንግዲህ ፀጉር ቆጣሪዋን አቀብዪኝ» አለች አክስቷ። «መጀመሪያ የምትሰቀለው እሷ ናት፣ በሩ አጠገብ።»

«እትዬ፣ ሰው ገና ሲገባ ይሄን ካየ ተመልሶ ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ። ከእናቷ ሆድ ብሩሽ ይዛ ነው የወጣችው እያሉ ከሚያወሩ፣ ይሄን አይተው ቢወጡ ይሻላል።»

የአክስቷን የተማሪነት ዘመን ስድስት ሥዕሎች ተራ በተራ ሰቀሉ። አክስቷ ከመሰላሉ ሳትወርድ፣ «ራቅ በይና እይ። ምን ይጎድላቸዋል?» አለቻት።

ልጅቷ ወደ ኋላ ሄደች። ሽማግሌው እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቷል። ሁለተኛው ሥዕል ላይ ያለችው ተማሪ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች። የታመመችው ሴት እስከ አገጯ ብርድ ልብስ ለብሳለች። አናጢው እንኳ፣ በእጁ የሚያድረው አናጢ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«እጅ የላቸውም» አለች ቀስ ብላ።

«አልችልም ነበራ። ጢም እየቆጠርኩ አስተማሪዬን የማታልል መስሎኝ። አንድ ቀን ክፍሉ ሙሉ ሰው ፊት፣ ‹አንቺ፣ የምትስያቸው ሰዎች ሁሉ ይበርዳቸዋል እንዴ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ኪሶ ሆነ። እስክመረቅ ድረስ ኪሶ ነበርኩ።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

ሰባተኛው የልጅቷ እናት ሥዕል ነበር፤ ያኔ ልብስ ስፌት የምትማር ልጃገረድ ሳለች። መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። እጇ ውሃ የሞላ የጎማ ጓንት ይመስላል።

«ለዚህች እጅ እናትሽ አሥራ አንድ እሁድ ተቀምጣልኛለች» አለች አክስቷ። «በአሥራ ሁለተኛው፣ ‹እጄን ቆርጬ ልስጥሽና እኔን ልቀቂኝ› ብላኝ ተነሳች።»

ከዚያ በኋላ ግድግዳው እጅ በእጅ ሆነ፦ ጎማ የሚፈታ፣ ሕፃን የሚያጥብ፣ በር የሚያንኳኳ። ዓመት ዓመትን ሲተካ ቁልፎቹ ጠፉ፤ ጢሙ በአንድ ምት የሚያልቅ ሆነ፤ ጥላው ሳሳ። ዘንድሮ የተሳለችው መጨረሻ ላይ ተሰቀለች። እንደገና እናቷ ናት፣ ያው መርፌና ክር። ልጅቷ የምታውቀው እጅ ነው፤ ክሩ ሲገባ ብድግ የምትለዋን ትንሿን ጣት ሳይቀር አየቻት። ጠጋ ስትል ጣት የለም። ሦስት የብሩሽ ምት ብቻ ነው።

«ሌላው የት ሄደ?»

«ሁለት መቶ ጊዜ ስዬዋለሁ። የተውኩት የማውቀውን ነው» አለች አክስቷ። ከመሰላሉም ወረደች። «አምጪው እስቲ ያንን አቃፊ።»

አሥሩ ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ሦስት አራት መስመር፣ አንድ የቀለም ፍሳሽ፣ ብዙ ነጭ ቦታ። የክፍሏ ልጆች «ቁርጥ አክስትሽን» ያሏት በእነዚህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የወደዱት ብርድ ልብስ የተከናነበችውን ልጅ ነበር። አክስቷ ተንበርክካ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻቸው።

«እጆቹስ?»

«ስታይሌ ነው።»

ስታይል። ይህች ቃል ስንቱን ሰነፍ አወፈረች። ልጅቷ ቃሏ ከአፏ ሳይወጣ ጆሮዋ ጋለ፤ ቁጣውንም አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። አክስቷ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እጅ ከፍንጅ ተያዝሽ፣ ኪሶ።»

«አይቀበሉኝም ማለት ነው?»

«ይቀበሉሻል እንጂ። ‹ዘር ከልጓም ይስባል› ብለው ያጨበጭቡልሻል። እኔን መምሰል ቀላል ነው፤ ሦስት መስመር ነኝ።» መዶሻዋን አንስታ ወደ መሰላሉ ተመለሰች።

ከስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። ልጅቷ ብርድ ልብስ የተከናነበችውን ከአሥሩ መሐል አወጣቻት። ንጹሕ ወረቀት አነሳችና የቀለም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ መዶሻውን እንደያዝሽ ቁሚልኝ።»

«ሥራ አለብኝ፣ አንቺ ልጅ።»

«ትንሽ ብቻ።»

ሳለች፤ አጠፋች፤ እንደገና ሳለች። ወረቀቱ ከመታሸት ብዛት ሳሳ። አውራ ጣቱ ድንች ሆኖ አስቸገራት።

«ክንዴ ዛለ እኮ» አለች አክስቷ።

«አሥራ አንድ እሁድ የቀረሽ መስሎኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እርሳሷን አስቀመጠች። አክስቷ ክንዷን እያሸች ወርዳ በትከሻዋ ላይ አየች። አውራ ጣቱ አሁንም ድንች ነው፤ የቀረውም ውሃ የሞላ የጎማ ጓንት። የአክስቷ ቀኝ እጅ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን እርሳስ መዘዘ። አንዲት መስመር ብቻ፣ እዚች ጋ፣ ታቃናው ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። እጁ እርሳሱን እንደያዘ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ገባ።

ልጅቷ ሥዕሉን ከዘጠኙ በላይ አደረገች፤ ጥጉ ላይ «1 ከ200» ብላ ጻፈችና አቃፊውን አሰረች። አክስቷ በግራ እጇ በሩን ከፈተችላት። ቀኙ ከኪሷ አልወጣም።